ከጅቡቲ ከተማ እስከ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፡ በጭነት መኪኖች ጎዳና ለጉብኝት የሚወጣ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ጅቡቲ ከተማ ገና ሳይነጋ የከባድ መኪኖች ድምፅ ይሰማባታል። ከመሃል ከተማው 12 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውና ስሙንም ከዚሁ ርቀት ያገኘው ፒኬ 12 ወደ ኢትዮጵያ የሚያቀኑ ተሳቢዎች የሚያልፉበት በር ነው። ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ነዳጅና ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ሙቀቱ ሳይበረታ መንገድ ለመጀመር ይጣደፋሉ። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ 90 በመቶ የሚሆነው በጅቡቲ ወደቦች በኩል ስለሚያልፍ ይህ ጎዳና ቀን ከሌት አያርፍም።

በዚህ ሰልፍ መካከል አልፎ አልፎ አንዲት የቤት መኪና ትታያለች። በውስጧ የሚጓዙት ለዓመት በዓል ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ ከባሕር ዳርቻው ወበቅ ለጥቂት ቀናት መሸሽ የሚፈልጉ የጅቡቲ ቤተሰቦች፣ ወይም በከተማዋ የሚሠሩ የውጭ አገር ዜጎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነዚህ መካከል ጉዞውን ከዘመድ ጥየቃ ወይም ከገበያ አሻግሮ ወደ ዱር እንስሳት ጉብኝት መለወጥ የሚሻ ሰው በመኪና ሊደርስባቸው ከሚችላቸው ስፍራዎች አንዱ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

በካርታ ላይ ሲታይ ጉዞው ቀላል ይመስላል። ርቀቱ በመረጡት መንገድ ከ600 እስከ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁንና በዚህ ጎዳና ላይ የጉዞውን ዕጣ የሚወስነው ርቀቱ ብቻ አይደለም። የቀን ብርሃን፣ የድንበር ሰነድ፣ ነዳጅ፣ ሙቀትና የአካባቢው ፀጥታ ከርቀቱ ይልቅ ይመዝናሉ።

ወንዙን ወደ ላይ መከተል

አዋሽ ከኢትዮጵያ ወንዞች ለየት ያለ ጠባይ አለው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ከባሕር ሳይደርስ በበረሃ ይቀራል። መጨረሻውም በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ የሚገኘው የአቤ ሐይቅ ነው።

ስለዚህም ከጅቡቲ የሚነሳ መንገደኛ ወንዙን ከመጨረሻው ወደ ላይ እየተከተለ ይጓዛል። ከዲኪል ከተማ በስተምዕራብ ባለው የአቤ ሐይቅ ዳርቻ ጭስ የሚተፉ የኖራ ድንጋይ ማማዎች ይታያሉ። በጉዞው ማብቂያ ደግሞ ያው ወንዝ በፓርኩ ውስጥ በፏፏቴ እየወረደ ወደ ጥልቅ ሸለቆ ሲገባ ይገኛል።

በመካከሉ ያለው ምድር ሦስቱ የምድር ቅርፊት ክፍሎች የሚለያዩበት የአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ነው። ድንቅነሽ በመባል የምትታወቀው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ቅሪተ አካል በአውሮፓውያኑ 1974 የተገኘችው በዚሁ ሸለቆ፣ ሐዳር በተባለ ቦታ ነው። የታችኛው አዋሽ ሸለቆም ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሁለት መንገዶች፣ ሁለት ድንበሮች

የመጀመሪያው መንገድ የጋላፊ መንገድ ነው። ከጅቡቲ ከተማ ተነስቶ ጠፍጣፋውን የግራንድ ባራ ሜዳ ያቋርጥና ዲኪልን አልፎ፣ በዮቦኪ በኩል ጋላፊ ድንበር ይደርሳል። ከድንበሩ ወዲያ በዲቼቶ፣ በሰመራና ሎግያ፣ በሚሌ፣ በአዳይቱና በገዋኔ በኩል ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያመራል። አብዛኛው የጭነት እንቅስቃሴ የሚካሄደውም በዚህ መስመር ነው። በተለይ ከዲኪል እስከ ጋላፊ ያለው ክፍል በከባድ መኪኖች ብዛት ክፉኛ ሲጎዳ የቆየ በመሆኑ፣ አጭር የሚመስለው ርቀት ረጅም ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ይህ መንገድ ለዱር እንስሳት ወዳጅ ሌላ ትርፍ አለው። አዋሽ ከመድረሱ በፊት በያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ መሃል ያልፋል፤ ከዚያም የሃላይዴጊ አሰቦትን ሜዳ በቅርብ ርቀት ይዞ ይጓዛል። ያንጉዲ ራሳ የታሰበው በዓለም ላይ በእጅጉ ከተመናመኑ አጥቢ እንስሳት አንዱ የሆነውን የአፍሪካ የዱር አህያ ለመጠበቅ ነበር። ዛሬ ግን በዚያ አካባቢ የዱር አህያ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ተስፋው እጅግ ጠባብ ነው። በሃላይዴጊ ሜዳ ደግሞ ቀጭን ሸንተረር ያለው የግሬቪ የሜዳ አህያ ይገኛል።

ሁለተኛው የደወሌ መንገድ ነው። በአሊ ሳቢህ በኩል ወደ ድንበሩ ያቀናና ከደወሌ እስከ ድሬዳዋ በተዘረጋው 220 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ይቀጥላል። ይህ መንገድ በ2019 ለአገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ የምሥራቁ ጉዞ በብዙ ቀሏል። ከድሬዳዋ በኋላ መኪናው ወደ ደጋው ወጥቶ በቁልቢና በጭሮ በኩል ይጓዝና በሚኤሶ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

የደወሌ መንገድ በርቀት አጠር ይላል፤ ማደሪያውም የተሻለ ነው። ድሬዳዋ ሆቴል፣ ጋራዥ፣ ሆስፒታልና ባንክ ያላት ትልቅ ከተማ ናት። ነገር ግን ከድሬዳዋ በኋላ ያለው ተራራማ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ጫት የጫኑ መኪኖችም ጭነታቸው ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ በከፍተኛ ፍጥነት የሚከንፉበት ነው። በጠባብ ኩርባ ላይ ለእነርሱ መንገድ መልቀቅ ብልህነት ነው።

ሁለቱም መስመሮች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ከጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዙ በኋላ አንዱ ሰመራ፣ ሌላው ድሬዳዋ ላይ ማደሪያ ያገኛሉ፤ የቀረው ደግሞ አንድ የቀን መንገድ ነው። ስለሆነም ጉዞው በተፈጥሮው የሁለት ቀን ነው። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ማለት የጉዞውን መጨረሻ ለጨለማ አሳልፎ መስጠት ነው።

የሰዓት አቆጣጠር ወጥመድ

ጅቡቲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው። አቆጣጠራቸው ግን ይለያያል። ጅቡቲ ውስጥ "6 ሰዓት ላይ እንገናኝ" የተባለ ሰው ንጋት ላይ ሲጠብቅ፣ የኢትዮጵያው ሾፌር በእኩለ ቀን ሊመጣ ይችላል። ድንበር ላይ የሚጠብቅ አስጎብኚ ወይም ዘመድ ካለ ቀጠሮውን "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" ብሎ መለየት ይገባል።

የሳምንቱ ቀናትም እንዲሁ ናቸው። በጅቡቲ የዕረፍት ቀናት አርብና ቅዳሜ ሲሆኑ በኢትዮጵያ ደግሞ እሁድ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። የጎደለ ሰነድ ማሟላት ወይም ባንክ መጠቀም የሚፈልግ መንገደኛ ከአርብ እስከ እሁድ ባሉት ቀናት ከሁለቱ አገሮች በአንዱ የተዘጋ በር ሊገጥመው ይችላል።

ፀሐይ በአካባቢው ዓመቱን ሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። መንገደኛው የሚያቅደው በዚህ የብርሃን ክልል ውስጥ ነው። ሌሊት ላይ መብራት የሌላቸው መኪኖች፣ ተበላሽተው መሃል መንገድ ላይ የቆሙ ተሳቢዎች፣ ሙቅ አስፋልት ላይ የሚተኙ ግመሎችና በእግር የሚጓዙ ሰዎች አሉ።

ሁለት "ቢጫ ካርዶች"

በድንበር ላይ ከሚጠየቁ ሰነዶች መካከል ስማቸው የሚያምታታ ሁለት አሉ። አንደኛው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ነው። ይህ መኪናው ከተመዘገበበት አገር ውጪ ሲሄድ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ሽፋን የሚሰጥ የመድን ሰነድ ሲሆን፣ ጅቡቲም ኢትዮጵያም የሥርዓቱ አባላት ናቸው። ከመድን ድርጅት የሚገኘውም ከመነሳት በፊት ነው።

ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊከሰትባቸው ከሚችሉ አገሮች መካከል ስለምትመደብ ይህ ካርድ በተለይ ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ ሊጠየቅ ይችላል። አንዱን ይዞ ሌላውን የረሳ ሰው መንገዱ ድንበር ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ ፓስፖርት፣ የመኪናው ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ እና ተሽከርካሪውን ለጊዜው ለማስገባት የሚያስፈልገው የጉምሩክ ፈቃድ መሟላት አለባቸው። መኪናው በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ከሆነ ከባለቤቱ የተሰጠ የውክልና ማስረጃ ያስፈልጋል። የጅቡቲ ዜጎች ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቁም። የሌሎች አገሮች ዜጎች ግን የያዙት ቪዛ በየብስ ድንበር ለመግባት የሚያገለግል መሆኑን አስቀድመው ከኤምባሲው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ፈቃድ ሁሉ በጋላፊ ወይም በደወሌ ይሠራል ማለት አይደለም።

ፎቶግራፍ አንሺዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ደግሞ አለ። ድሮን ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ችግር ውስጥ ይከታል። አዕዋፍን ለመመልከት የሚያገለግል የርቀት መነጽርም በጉምሩክ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ነዳጅ፣ ገንዘብና ውሃ

የጅቡቲ ፍራንክ ለአሥርተ ዓመታት ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ምጣኔ ተሳስሮ የቆየ ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጉዞ የተረፈ የወጪ ስሌት ዛሬ አይሠራም።

ሌላው አዲስ ነገር የነዳጅ አከፋፈል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ነዳጅ የሚገዛው እንደ ቴሌብር ባሉ የዲጂታል መንገዶች ነው። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዞ ማደያ የሚደርስ መንገደኛ ሊቸገር ይችላል። የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥርና በቂ ገንዘብ ያለበት ሂሳብ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልሆነ ክፍያውን የሚፈጽምለት የታመነ ሰው አብሮት ሊኖር ይገባል። ነዳጅ በየማደያው ሁልጊዜ ስለማይገኝም መንገደኞች ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ መሙላትን ይመርጣሉ። በተለይ በሚሌና በአዋሽ መካከል ያለው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ያለ በቂ ነዳጅ የሚደፈር አይደለም።

ለመኪናው የሚያስፈልገው ዝርዝር ረጅም አይደለም፤ ሊዘለል የሚችል ነገር ግን የለውም። ነፋስ የተሞላ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ፣ የራዲያተር ውሃና ቀበቶ፣ የእጅ ባትሪ እንዲሁም የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ መያዝ አለባቸው። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት ግን በጣም ሰፊ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ውሃ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በጅቡቲ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም አሸዋ ይዞ ይነሳል። ለዚህ ጉዞ የተሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በዚህ ወቅት ሙቀቱ ይበርዳል፤ የዝናቡ ወቅት ካበቃም የሰነበተ በመሆኑ በፓርኩ ውስጥ ያሉት የአፈር መንገዶች ይደርቃሉ።

የወባ ጉዳይም መዘንጋት የለበትም። በከተማ የሚራባውና አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለው የእስያ ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ2012 በጅቡቲ ከተማ ነበር። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ግን ከ73 ሺህ በላይ ደርሰዋል። ትንኙ በኋላ ኢትዮጵያ ገብቶ በ2022 በድሬዳዋ ለተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ምክንያት ሆኗል። አጎበር፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና የሐኪም ምክር የጉዞው አካል ናቸው።

የሚታገደው መንገድ፣ የሚንቀጠቀጠው ምድር

በሚሌና በአዋሽ መካከል ያለው መንገድ በአፋርና በሶማሌ ኢሳ ማኅበረሰቦች መካከል ለዓመታት የዘለቀ የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸውን ቀበሌዎች ያቋርጣል። ግጭት ሲነሳ መንገዱ ለሰዓታት አልፎ አልፎም ለቀናት የተዘጋባቸው ጊዜያት አሉ። በአዋሽና በመተሐራ አካባቢም በመንገደኞች ላይ የእገታ ወንጀል መፈጸሙ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በመሆኑም መንገዱን በተመለከተ ከአንድ ወር በፊት የተሰማ ወሬ መረጃ ሊሆን አይችልም። ከመነሳት አንድ ቀን በፊት ከሾፌሮች፣ ከአካባቢው ፖሊስና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝ ቃል ከየትኛውም ካርታ ይበልጣል። መንገዱ ከተዘጋም ባሉበት ከተማ አድሮ መጠበቅ በዕቅዱ ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ሁለተኛው ስጋት ከምድር ሥር የሚመጣ ነው። ከ2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ ባሉት ወራት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጧል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ምክንያቱ ከምድር ሥር የቀለጠ አለት እንቅስቃሴ መሆኑን አስረድተዋል። በጥር 2025 መጀመሪያ ከዶፈን አቅራቢያ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ሲወጣ ታይቷል፤ በየካቲት ደግሞ መጠኑ 6 የሚጠጋ ርዕደ መሬት ተመዝግቧል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ በመሬትና በመንገዶች ላይም ስንጥቆች ታይተዋል።

የፈንታሌ ተራራ ከፓርኩ ጋር የተያያዘ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከዚሁ ተራራ ሥር የፈሰሰው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ዛሬም በመተሐራ አቅራቢያ ከአውራ ጎዳናው ላይ ሆኖ ይታያል። ይህ ማለት ፓርኩ አይጎበኝም ማለት አይደለም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ባለበት ሕንፃ ውስጥ አለማደርና ከባለሥልጣናት የሚወጡ ማስጠንቀቂያዎችን መከታተል ግን ግድ ይላል።

ፓርኩ ምን ይዞ ይጠብቃል?

በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ከጅቡቲ የሚመጣ መንገደኛ አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ ወደ መተሐራ ሲያቀና ዋናውን በር በስተግራው ያገኛል። በዚያ የመግቢያ ክፍያ ተፈጽሞ ጠባቂ ስካውት ይመደባል። ያለ ስካውት መግባትም ሆነ ባልተፈቀደ ቦታ ከመኪና መውረድ አይመከርም።

አውራ ጎዳናው ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል። በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ ፏፏቴውና የአዋሽ ሸለቆ ይገኛሉ። በሜዳው ላይ ረጅምና ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው ሳላ እንዲሁም የሜዳ ፍየል ይታያሉ። አምባራይሌ፣ ከርከሮና ሰጎንም አሉ፤ በወንዙ ውስጥ ደግሞ አዞዎች ይኖራሉ። በስተሰሜን ያለው ክፍል በዘምባባ የተከበቡ የፍልውሃ ምንጮች ያሉበት ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አስቸጋሪ በመሆኑ ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይፈልጋል።

ፓርኩ ከ450 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች መገኛ ነው። ነጭ ዝንጀሮና ተራ ዝንጀሮ በወንዙ ዳርቻ ተገናኝተው የሚዳቀሉበት ስፍራ በመሆኑም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል። እንስሳቱ በብዛት የሚታዩት በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ በእኩለ ቀን ደርሶ ከሰዓት መመለስ የሚፈልግ ጎብኚ ድካሙን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ቢያንስ አንድ ሌሊት በአቅራቢያው ማደር የጉዞው ቁልፍ ነው።

መንገዱ የሚሰጠውና የሚወስደው

የአዋሽ ፓርክ ታሪክ የመንገድም ታሪክ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የቀድሞው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ገብቷል። የአዋሽ ከተማ ያደገችውም በዚሁ ሐዲድ ዳር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ይህንኑ መተላለፊያ ተከትሏል።

መንገዱና ሐዲዱ ጎብኚ ያመጣሉ፤ በዚያው ልክ ግን ፓርኩን ያጠቡታል። ፈጣን ተሽከርካሪዎች መንገድ የሚያቋርጡ እንስሳትን ይገጫሉ። የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ፓርኩና በአካባቢው የተስፋፋው የሸንኮራ አገዳ እርሻ የግጦሽ መሬታቸውን እንደወሰዱባቸው ለአሥርተ ዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል። ድርቅ ሲበረታም ከብቶቻቸውን ወደ ፓርኩ ከማስገባት ሌላ አማራጭ አይታያቸውም። ወራሪው የፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ዛፍም በአፋር የግጦሽ ሜዳዎች ላይ እየተስፋፋ ነው።

በዚህ ጎዳና ላይ ሌላም ጉዞ አለ። ከኢትዮጵያ የተለያዩ አካባቢዎች የተነሱ ወጣቶች በየመን በኩል ሳዑዲ አረቢያ ለመግባት በዚሁ በረሃ በእግራቸው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኦቦክ የባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ። በጥማት በረሃ ላይ የቀሩ፣ በባሕር ላይም የሰመጡ ብዙ ናቸው። ከጅቡቲ ወደ አዋሽ የሚያቀና መንገደኛ ፊት ለፊት የሚያገኛቸው እነርሱን ነው። ሰነድ የሌለውን ሰው አሳፍሮ ድንበር ማሻገር በሕግ ያስጠይቃል። ፍጥነትን መቀነስና ከያዙት ውሃ ማካፈል ግን ማንም የማይከለክለው ነው። በመኪናው ላይ ከሚጫኑት ጀሪካኖች አንዱ ለዚህ እንዲሆን የሚያቅዱ ሾፌሮች አሉ።

ለጉብኝት የሚወጣ ሰው ይህን ሁሉ መለወጥ አይችልም። የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ፣ ለስካውቱ የሚሰጠው የቀን ሥራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚያድርበት ሌሊት ግን ፓርኩ እንደ መተላለፊያ ብቻ እንዳይታይ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ፓርክ መካከል ያልፋሉ። አብዛኞቹ መስኮታቸውን ሳያወርዱ ያልፉታል። ከጅቡቲ ከተማ ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ መንገደኛ ግን በር ላይ ደርሶ መሪውን ወደ ግራ ያዞራል፤ ለዚያች መታጠፊያ ሲል ነው ሰነዱን፣ ነዳጁን፣ ውሃውንና ሰዓቱን ከፒኬ 12 ጀምሮ ሲቆጥር የመጣው።